ዝገትና ዝግጅት

ባትሪ ያዥ ነበርኩኝ፣ ገና በዘጠኝ ዓመቴ፤
ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተጋድሞ አባቴ፣
«ወደ ግራ አብሪልኝ፤ አሳዪኝ ቡሎኑን፤
እጄን ምን ታያለሽ? ያንን የዛገ ጎኑን።»
ሊንውድ ነው፣ ስኮትላንድ። ዝናቡ አያባራም፤
እርጥበት ብረት ሲበላ ማንንም አይፈራም።

መኪናዋ ሂልማን ኢምፕ፤ ሞተሯ ከኋላ፣
ሻንጣ ከፊት ትጭናለች፤ ነገሯ ሁሉ ሌላ።
እዚሁ ከመንገዱ ማዶ፣ ፋብሪካው ሳይዘጋ፣
አባቴ በሯን ይገጥም ነበር፣ በሳምንት ደሞዝ ዋጋ።
ፋብሪካው ፈረሰ፤ ሜዳው ሱቅ በቀለበት፤
እሱ ግን አንዷን አገኘ፣ ከአንድ ገበሬ በረት፣
ፍሬቻዋ የጠፋ፣ ዶሮ ያቀፈችባት፣
ወለሏ በጣት ሲነካ እንደ ብስኩት የሚፈረፈርባት።

እናቴ የሾርባ ድስቷን ስትፈልግ ውላ፣
አገኘችው፣ ካርቡሬተር ታቅፎ፣ ነጭ ጋዝ ተሞልቶ፣ ከጋራዡ ኋላ።
ሦስት ቀን አኮረፈች። እሱ ግን ልብ አላለም።

ሐሙስ ማታ ብቻ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሁሉን ትቶ፣
እጁን ታጥቦ፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ዘይት ቀርቶ፣
ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፣ ሻዩን ረስቶ።
ዴሪክ ፓስኮ የሚሉት፣ ቱታ ለባሽ ሽማግሌ፣
ለአንዲት ጓርኒሲዮን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤
ቡሎኑ እንቢ ሲለው ዝም ይላል፤ ያፏጫል፤
ጥድፊያ አያውቅ፤ መሳሳቱንም ይሳሳታል፤
«ይህን አበላሸሁት» ብሎ ከመጀመሪያው ይፈታል።
አባቴም በእርሳስ፣ በደረሰኝ ጀርባ፣ ይጽፋል።

ከዚያ ፓስኮን አሰናበቱ። ሁለት ጎረምሶች መጡ፣
ቱታቸው ላይ ጠብታ የለ፤ ጥርሳቸውን እየገለጡ፣
«ሰባት ቀን ብቻ ቀረን!» እያሉ ሰዓት የሚቆጡ፤
ከማስታወቂያው በፊት ጠብ፣ ከማስታወቂያው ኋላ እርቅ፤
መፍቻ ወርውሮ መሳደብ፣ ጨረታ፣ ትርፍ፣ ሳቅ።
ብየዳው? ብየዳው የለም። ብልጭታውን ብቻ አሳዩ፤
ዝጋ ገባች፣ አብርታ ወጣች፤ የሠሯት እጆች ሳይታዩ።
አባቴ ስቱኮ እያቦካ፣ ያን ማታ አንድ ቃል ተነፈሰ፦
«ዝገቱ ከብረት ወጥቶ፣ ወደ ዝግጅቱ ገሰገሰ።»

አንድ ቀን እኛም ቤት ደረሱ፣ በሦስት ቫን፣ በካሜራ፤
አንዲት ልጅ፣ ጆሮዋ ላይ ሽቦ፣ ወረቀት ይዛ ስትመራ፦
«ሚስተር ማክሬ፣ ይህን ፓራፋንጎ ቀድመው ጨርሰዋል፤
መልሰን ብናዛገውስ? ቡናማ ቀለም ይዘናል፤
አይተው ይደነግጣሉ፤ ትንሽ ቢያለቅሱም ይመቸናል።»
አባቴ ፓራፋንጎውን አየ። አሥራ አራት ወር ነው፣ ክረምት ከበጋ።
ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገ። ምንም አላለም። በሩን ዘጋ።

ኋላ ያም ዝግጅት ቀረ፤ ተመልካች ጠፋ ተባለ፤
በሐሙስ ማታ ቦታው ላይ የኬክ ውድድር ተተከለ።
አሮጌው ቴሌቪዥናችን ጋራዥ ወረደ፤ አናቱ ሰፊ ስለሆነ፣
ለቡሎን ጣሳዎቻችን ጥሩ መደርደሪያ ሆነ።
በጠቆረው መስታወቱ ውስጥ፣ አባቴ ሲፍቅ አያለሁ፤
ሙዚቃ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤
ብቸኛ ተመልካቹ እኔ ነኝ፤ ባትሪም ይዣለሁ።

የተነሳችው ማክሰኞ ነው፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር።
ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር።
ካንዴላው አዲስ፣ ቺንጊያው አዲስ፤
አንዴ አሳለች፤ ሁለቴ አሳለች፤ ሦስተኛው ላይ ጮኸች፤
ማዶ ወይዘሮ ጊልክሪስት የቆሻሻ ባልዲዋን ጣለች።
ሌላ ያየ የለም። ጋራዡ በጭስ ታፈነ።
እኔም፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
እንደዚያች ባለ ሽቦ ልጅ፣
ባትሪዬን ከሞተሩ አንስቼ ፊቱ ላይ አበራሁ፤
እንባ ፈለግሁ።

«ፊቴን ተይው» አለኝ፣ እየተንበረከከ።
«ዘይት ታንጠባጥባለች።
ወደ ታች። ወደ ግራ አብሪልኝ።»